ብሩስ ያላየው በረዶ፣ ብሩስ የለካው ዝናብ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍኩት፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

ክፍል ውስጥ በየዓመቱ የማይቀርልኝ ጥያቄ አለ። «ቲቸር፣ ራስ ዳሽን ላይ እውነት በረዶ አለ?» ጥያቄው እንደተነሳ ክፍሉ ለሁለት ይከፈላል። ገሚሱ አለ ይላል፤ ገሚሱ አፍሪካ ውስጥ ምን በረዶ አመጣው ብሎ ይስቃል። ታዲያ ይህ ክርክር የእኛ ልጆች ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከ1,500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

እስቲ ከአዱሊስ እንጀምር። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ደርሶ ነበር። ጊዜው አጼ ካሌብ ወደ የመን ሊዘምት የሚሰናዳበት ነው። የወደቡ ሹም፣ እዚያ በቆመ የእብነ በረድ ዙፋን ላይ በግሪክኛ የተቀረጸውን ጽሑፍ ለንጉሡ ገልብጥልኝ አለው። ኮስማስም ገለበጠ፤ ቅጂውን ለራሱም አስቀረ። ዙፋኑ ዛሬ የለም፤ ቃሉ የደረሰን በኮስማስ መጽሐፍ በኩል ነው። ጽሑፉን ያስቀረጸው ንጉሥ ስሙ አልታወቀም፤ ብዙ ተመራማሪዎች ግን ከኢዛና በፊት የነገሠ አክሱማዊ ነው ይላሉ። ይህ ንጉሥ ካስገበራቸው አገሮች አንዱ ስሜን ነው። ስለ ስሜን ሲናገር ተራራው ለመውጣት አስቸጋሪ መሆኑን፣ በረዶና ውርጭ እንደማይለየው፣ ሰውም እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ እንደሚሰምጥ ይገልጻል።

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር አለ። እኛ ከሰማይ እየተንኳኳ የሚወርደውን ጠጣሩንም፣ እንደ ጥጥ ብን ብን የሚለውንም «በረዶ» ነው የምንለው። አባቶቻችን ግን ለይተውት ነበር፤ ግዕዙ «በረድ» እና «ሐመዳ» ይላል። ከሐመዳ የመጣው «አመዳይ» የሚለው ቃልም በአማርኛችን አለ። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ «ስሜን ላይ በረዶ አየሁ» ሲሉን መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን የቱን በረዶ እንደሆነ ነው። ጠጣሩም ቢሆን ተራራ ላይ ተከምሮ ሲያድር ከሩቅ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ከአዱሊሱ ጽሑፍ በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። በአጼ ሱስንዮስ ጊዜ የመጣው ፖርቹጋላዊው ኢየሱሳዊ ጀሮኒሞ ሎቦ ስሜን ላይ በረዶ እንዳለ ጻፈ። ከእሱ ወደ 140 ዓመት ገደማ ቆይቶ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ መጣ። በ1770 እ.ኤ.አ. የካቲት ላይ ሊማሊሞን ወጥቶ ጎንደር ገባ፤ አጼ ተክለ ሃይማኖት ነግሠው፣ ሥልጣኑ ግን በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ የነበረበት ወቅት ነው። የእኛው እንፍራንዝም ሰንብቷል። ብሩስ ሎቦን አይወደውም፤ በመጽሐፉ ብዙ ቦታ ይነቅፈዋል። ስለ ስሜን በረዶም እኔ አላየሁም አለ። መጽሐፉ በአውሮፓ በሰፊው የተነበበ ስለነበር «ብሩስ ካላየው የለም» ለሚሉ ሰዎች በቂ ሆነ።

በ1810 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ላይ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የስሜን ተራሮች በረዶ ለብሰው በዓይኑ አየ። ብሩስ ለምን እንዳላየም አስረዳ፤ ብሩስ ያለፈው በተራራው ግርጌ ነው፣ ወደ ላይ አልወጣም። ነገሩ ይኸው ነው። አንድ ሰው በአንድ ወቅት፣ በአንድ መንገድ አልፎ «አላየሁም» ቢል እውነቱን ነው። «የለም» ካለ ግን ካየው በላይ ተናገረ። የታሪክ ተማሪዎቼ ይህን ልዩነት ያዙልኝ።

አሁን ደግሞ ጂኦግራፊውን እንየው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ። ልዩነቱን አስሉት፤ ዳሽን ከጎንደር በ14 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ በረዶ መጣሉ አይገርምም። የሚገርመው አለመቆየቱ ነው። ለምን አይቆይም? ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ እጅግ ይቀዘቅዛል፣ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው፤ ውርጭ እንጂ የሚጥል ነገር የለም። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ሞልቷል፣ ዳመናው ግን እንደ ጋቢ ሆኖ የሌሊቱን ሙቀት ይይዛል። ቅዝቃዜውና እርጥበቱ የሚገናኙት አልፎ አልፎ ነው። የጣለው አመዳይም ፀሐይ ስትወጣ ይቀልጣል።

ድሮ ግን እንዲህ አልነበረም። ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ሁርኒ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሜንን እየዞረ ሲያጠና የበረዶ ግግር ገፍቶ የከመረውን ድንጋይና አፈር አግኝቷል። ምድር እጅግ በቀዘቀዘችበት በመጨረሻው የበረዶ ዘመን፣ ከ20,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ ዳሽን አካባቢ ግግር በረዶ ነበር ማለት ነው። ማንም ባይጽፈውም ድንጋዩ መስክሯል።

በሌላው ዓለም በረዶ የውሃ ጎተራ ነው። አሜሪካ ኔቫዳ ውስጥ ጄምስ ቸርች የሚባል የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። የሚያስተምረው ላቲን ነው፤ ሳይንቲስት አልነበረም። በ1900ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ተራራ እየወጣ፣ የተከመረውን በረዶ በቱቦ ቆርጦ እየመዘነ፣ ስንት ውሃ እንደያዘ አወቀ። በዚህም የታሆ ሐይቅ በጸደይ ምን ያህል እንደሚሞላ አስቀድሞ መናገር ቻለ። ዛሬ ሳይንቲስቶች በኮምፒውተር ሞዴል የሚሠሩት የበረዶ ክምችት ትንበያ ሥሩ ይኸው ምዘና ነው።

እኛ እንዲህ ያለ ጎተራ የለንም። ያለን የክረምቱ ዝናብ ነው፤ የሚያቆይልን አፈሩ፣ ምንጩና ጣና ናቸው። ስለዚህ የእኛ ትልቁ ጥያቄ «በረዶ አለ ወይ?» ሳይሆን «ዝናቡ መቼ ይገባል? ስንት ይሆናል?» ነው። እዚህ ላይ ብሩስ ተመልሶ ይመጣል።

ይህ በበረዶው ነገር የተሳሳተው ሰው፣ ጎንደር ላይ ስፋቱ አንድ ጫማ የሆነ ማንቆርቆሪያ ደቅኖ የሚወርደውን ዝናብ ይለካ ነበር። በ1770 ክረምት ከ35 ኢንች በላይ መዘገበ፤ 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ማለት ነው። በ1771 ደግሞ በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ሆኖ ከ41 ኢንች በላይ አገኘ፤ 1,050 ሚሊ ሜትር ገደማ። ዛሬ ጎንደር በዓመት ከምታገኘው ጋር ስታስተያዩት ብዙም አይራራቅም። ሁለት ክረምት ብቻ ስለሆነ ስለ ለውጥ ብዙ አይነግረንም። ግን ቁጥር ነው፤ ከ250 ዓመት በኋላም ይመሳከራል። ስለ በረዶ የሰጠው አስተያየት ወደቀ፤ በማንቆርቆሪያ የለካው ግን አልወደቀም።

የዝናባችን ረጅሙ መዝገብ ያለው ደግሞ ካይሮ ነው። ግብፆች የዓባይን ሙላት ከ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምረው ሲመዘግቡ ኖረዋል፤ ሮዳ ደሴት ላይ ያለው መለኪያ በ861 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው። የሙላቱ ትልቁ ድርሻ ከእኛ ደጋ የሚወርድ ነው። እነሱ የእኛን ክረምት በክንድ ለኩት፤ እኛ በአብዛኛው በትዝታ ያዝነው።

ይህ ለታሪክ ጨዋታ ብቻ አይምሰላችሁ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤልኒኖ ምክንያት ዝናቡ ሲቀር ከ10 ሚሊዮን በላይ ወገናችን የእለት እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ከፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅና መቀዝቀዝ ጋር ክረምታችን እንዴት እንደሚያያዝ፣ ዲሪባ ቆሪቻን የመሳሰሉ የአገራችን ባለሙያዎች አጥንተው አሳይተዋል። ግን ትንበያው ለአገር ደህና ሆኖ ለአንድ ቀበሌ ላይሆን ይችላል። የዓለም የአየር ንብረት ሞዴሎች ምድርን በአራት ማዕዘን ይከፋፍላሉ፤ የብዙዎቹ አንድ ጎን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ነው። የስሜን ጫፍና የተከዜ በረሃ አንድ ማዕዘን ውስጥ ገብተው ይማከላሉ። ሞዴሉ ውስጥ ያለው ተራራ አጠር ይላል፣ በረዶውም ይጠፋል። ሞዴሉም እንደ ብሩስ በግርጌ አለፈ ማለት ነው!

ለዚህ መፍትሔ ከሚፈልጉት አንዱ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ኢትዮጵያዊው ዶክተር ቱፋ ድንቁ ነው። የሳተላይትን ግምት መሬት ላይ ካለው የጣቢያ ልኬት ጋር አዋህዶ፣ በ4 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት የሚነበብ የዝናብ መረጃ ከአገራችን የሚቲዎሮሎጂ ተቋም ጋር አዘጋጅቷል። ሳተላይቱ የዳመናውን አናት ያያል፤ መሬት የደረሰውን ጠብታ የሚያውቀው ግን መለኪያው ነው። መለኪያ በሌለበት ቦታ ኮምፒውተሩ ከመገመት ሌላ ምን ያድርግ? ጣቢያዎቻችን ደግሞ በብዛት ያሉት ከተማና መንገድ ዳር ነው።

ስለዚህ መምህር የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ይህን ክረምት እንዲህ አድርጉ። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ አድርጋችሁ ትከሉ። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ውስጡን በማስመሪያ ለኩና ድፉት። አንድ ሚሊ ሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ካልዘነበ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ፤ ባዶ ቦታ አትተዉ፤ ዜሮም መረጃ ነው። የጣቢያን ልኬት አይተካም፣ ግን ልጆቹ ማየትንና መለካትን ለይተው ያውቃሉ። ደባርቅና ጃናሞራ ያላችሁ ደግሞ ተራራው ነጭ ሆኖ ስታዩ ቀኑን መዝግቡ፤ ጠጣር ይሁን አመዳይ ለይታችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደቆየም ጨምሩበት።

አባቶቻችሁ ዝናብ የገባበትንና የወጣበትን ቀን በደብተር የያዙ ካሉ ከታች ጻፉልኝ። ደብተሩንም አደራ፣ እንዳትጥሉት።