ባትላሜራ፦ ስሙና መዶሻው

አውቶሞቢል ወደ አገራችን የገባበት ታሪክ በተነሣ ቁጥር እንግሊዛዊው ቤንትሌይ በ1900 ዓ. ም. ለዳግማዊ ምኒልክ ስላመጣው መኪና ይተረካል። ያ መኪናና ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ተጋጭተው ሲጎደጉዱ ማን ያቀናቸው እንደ ነበር ግን እምብዛም የጠየቀ የለም። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ነው፤ ይኸውም በአረርቲና እርሷን በመሰሉ የሸዋ ከተሞች በየግቢው የሚሠራው የላሜራ ማቅናት ሙያ ከወዴት መጣ የሚለውን ነው።

የተለመደው መልስ «ከጣልያን» የሚል ሲሆን ዋናው ማስረጃም ቋንቋው ነው። የጭቃ መከላከያው ፓራፋንጎ፣ በሩ ስፖርቴሎ፣ ጎማ ጠጋኙ ጎሚስታ፣ መሙያው ስቱኮ፣ ባለሙያውም ራሱ ባትላሜራ ይባላል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ. ም. በነበረው የወረራ ዘመን የጭነት መኪና በብዛት ገባ፤ ከነጻነትም በኋላ አያሌ ጣልያናውያን መካኒኮች እዚሁ ቀርተው በየጋራዡ ኢትዮጵያውያን ረዳቶችን አሠልጥነዋል። ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ቃሉ የመጣበት መንገድና እጁ የሠለጠነበት መንገድ አንድ ላይሆን ይችላል።

ሥራውን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ምክንያታችንን ይረዳል። ባለሙያው በአንድ እጁ ከባድ ብረት ከላሜራው በአንደኛው ፊት ደግፎ፣ በሌላው ፊት በቀላል መዶሻ ይመታል። ምቱ የሚጀመረው በግጭቱ መጨረሻ ከታጠፈው ጠርዝ ነው፤ ጉዳቱ በመጣበት ተቃራኒ ቅደም ተከተል ይመለሳል። መካከሉን አስቀድሞ የደበደበ ሰው ላሜራውን ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠ ላሜራ ደግሞ በጣት ሲጫኑት ገባ ወጣ ይላል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ እሳት ነው። ትንሽ ቦታ እስኪቀላ ድረስ ይግላል፣ በዙሪያው ይመታል፣ በርጥብ ጨርቅ ይቀዘቅዛል፤ ብረቱም ይሰበሰባል። ስቱኮና የብርጭቆ ወረቀት የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። (ስቱኮ በወፍራሙ ለጥፎ ቀለም የሚቀባ ሰው «አቀናሁ» ከሚል «ሸፈንሁ» ቢል ይሻለዋል፤ ከሥር ዝገቱ ሲበላው ልጣፉ መርገፉ አይቀርም።)

እንግዲህ የብረትን ትኩሳት በቀለሙ ማንበብ፣ የምትን ኃይል በድምፁ መለካት ከጋራዥ በፊት የነበረ ዕውቀት ነው። ምንጃር በነጭ ጤፉ የታወቀ የገበሬ አገር ነው፤ ገበሬም ያለ ማረሻ፣ ማረሻም ያለ ቀጥቃጭ አይኖርም። ወናፍ እየነፋ፣ በጉጠት እየያዘ ማረሻና ማጭድ የሚያሾለው ሰው ግን ለሥራው ዋጋ ሲያገኝ ለራሱ ክብር አላገኘም። ጠይብ ተባለ፤ በቡዳነት ተጠረጠረ፤ በጋብቻም ተገለለ። ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ ያወጁት በ1900 ዓ. ም. ነው፤ መኪናው በገባበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው። አዋጁ ግን ስድቡን ከሰው አፍ አላጠፋውም።

አሁን ወደ ስሙ እንመለስ። ባትላሜራ የሚለው ቃል ከሁለት የጣልያንኛ ቃላት የተገኘ ነው፤ አንደኛው መምታት፣ ሁለተኛው ላሜራ ማለት ነው። ወደ አማርኛ ቢመለስ «ላሜራ ቀጥቃጭ» ይሆናል። የሚያስደንቀው ነገር እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው ማረሻ ሲቀጠቅጥ የሚናቅበት አገር፣ ፓራፋንጎ ሲቀጠቅጥ ባለሙያ ብሎ ያከብረዋል። መዶሻውም እሳቱም ያው ነው፤ የተለወጠው ስሙ ነው። በ1934 ዓ. ም. በአዲስ አበባ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት መከፈቱም የእጅ ሥራን በምስክር ወረቀት አክብሯል።

ከዚህም የተነሣ አንድ ግምት እናቀርባለን። ከቀጥቃጭ ቤት ወጥቶ ወደ ጋራዥ የገባ ወጣት «ከአባቴ ተማርሁ» ከማለት «ከጣልያን ተማርሁ» ማለት ይጠቅመው ነበር። የመጀመሪያው አነጋገር ሐሜት ሲያመጣበት፣ ሁለተኛው እንጀራ ያመጣለታል። ታሪክ ጸሐፊው ቃላቱን ብቻ ቆጥሮ ሙያውን በሙሉ ለጣልያን ቢሰጥ፣ ያንኑ የወጣቱን መሸሸጊያ እንደ ማስረጃ ወስዷል ማለት ነው። የቃል ታሪክ የሚሰበስቡ ጓደኞቻችን በዕድሜ የገፉ ባትላሜራዎችን የአባታቸውን ሥራ ቢጠይቁ ክርክሩ ይጠራል።

ሥራው ከጋራዥ ወደ መኖሪያ ግቢ የወጣበት ምክንያት ግን ብዙ ምርምር አያሻውም፤ ነገሩ የገንዘብ ነው። በ2012 ዓ. ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ. ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለውን በር ማቅናት አዲስ በር ከመፈለግ ይረክሳል፤ ጎረቤትም መዶሻ ያውሳል።

በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት አዳዲስ መኪኖች አንዳንዶቹ ግን ኮፈናቸው አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ሲግል እንደ ብረት አይቀላም፤ መልኩን ሳይለውጥ ይቀልጣል። በቀለም ትኩሳትን ያነብ የነበረው ዓይን በዚህ ላሜራ ፊት የሚያነበው ነገር የለውም።