ስሜን ላይ የወደቀው ምን ነበር?

በለገዳዲና በሱሉልታ በኩል በረዶ ሲጥል መለኪያችን ከጓዳ ነው፤ «ሽምብራ ያክላል»፣ «ባቄላ ያክላል» እንላለን። ስሙ ያልደረሰን አንድ የአክሱም ንጉሥ ግን በጉልበት ለካ። ነጋዴው ኮስማስ በስድስተኛው መቶ ዓመት አዱሊስ ላይ የገለበጠው የንጉሡ የድንጋይ ጽሑፍ፣ በስሜን ተራሮች ሰው እስከ ጉልበቱ በረዶ ውስጥ ይሰምጣል ይላል።

ጄምስ ብሩስ ከ1769 እስከ 1771 እ.ኤ.አ. አገራችንን ሲዞር በረዶ አላየምና ስሜን ላይ በረዶ አለ ያሉትን ተቃወመ። በ1810 ሄንሪ ሶልት በዓይኑ አየው።

ታዲያ የታየው የትኛው በረዶ ነው? እኛ ጠጠር የሚመስለውንም፣ ጥጥ የሚመስለውን አመዳይም በአንድ ስም እንጠራለን። ባለሙያው ግን ፍሬውን ሚሊሜትር በተሰመረበት ሰሌዳ ላይ አኑሮ በአጉሊ መነጽር ያያል። ጠጣሩ በረዶ 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ነው፤ መሬት ላይ የተኛ የአመዳይ ፍሬ ደግሞ ከ0.2 ሚሊሜትር ሊያንስ ይችላል። ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ደጀን ነጭ ለብሶ ሲያድር፣ ከሩቅ ለሚያይ ሁለቱም ያው ነጭ ናቸው።

የአዱሊሱ ድንጋይ ዛሬ የለም። ልኩ ግን ስለተጻፈ ደረሰልን፤ ያውም በጉልበት የተለካው።