ከዳሞታ ተራራ እስከ አባያ ሐይቅ፦ የወላይታ ሥሮች ታሪክ

የወላይታ ገበሬ ቤት ከሩቅ የሚለየው በእንሰቱ ነው። ከእንሰቱ ሥር ጎደሬ፣ ቡናና ጎመን ይከተላሉ፤ ራቅ ብሎ በቆሎና ስኳር ድንች። ለቤቱ የቀረበው፣ ፍግ የሚጠግበው መሬት ዳርኮዋ ይባላል፤ ፍግ የማይደርሰው የውጭ ማሳ ሾቃ ነው። ይህን አከፋፈል ገበሬው እንዲሁ አላመጣውም፤ የየተክሉን ሥር ጠባይ በትውልድ ልምድ አጥንቶ የደረሰበት ነው።

እንሰት እስከ 11 ሜትር ሊያድግ ይችላል፤ ነገር ግን ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚወርድ ዋና ሥር የለውም። ከአምቾው ዙሪያ የሚወጡት ገመድ መሰል ሥሮቹ አብዛኞቹ ከላይኛው አፈር አይርቁም። ስለዚህ ልል፣ እርጥብና ፍግ የበላ አፈር ይሻል፤ የሚስማማውም ደጋና ወይና ደጋው ነው። ውሃ ፍለጋ ወደ ጥልቅ አይወርድም፤ በግንዱና በአምቾው ያጠራቅማል። ድርቅ የሚችልበት ምስጢርም ይኸው ነው። ፍጉ የሚገኘው ከከብት ስለሆነ ከብቱ ያለቀበት ቤት እንሰቱም ይከሳል፤ በወላይታ የእንሰት ታሪክ ከከብት ታሪክ ተነጥሎ ሊነገር አይችልም።

ችግኙ የሚገኝበት መንገድ ደግሞ የሚያስደንቅ ነው። ገበሬው ገና ያልጎመራ እንሰት ቆርጦ አምቾውን ያወጣል፣ መሃል ላይ ያለውን እምቡጥ ፈልፍሎ ይጥላል፣ ጎድጓዳውን በአፈርና በፍግ ሞልቶ መልሶ ይቀብረዋል። ከወራት በኋላ ከአንዱ አምቾ ጠርዝ በርካታ ችግኞች ይፈነዳሉ።

ጎደሬ ሥሩ ውስጥ አየር የሚያሳልፍ ክፍተት ስላለው ውሃ ያዘለ መሬት አያስፈራውም። ካሳቫ በተቃራኒው ውሃ በተኛበት ይበሰብሳል፤ በደረቅ መሬት ግን ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ፣ ቅጠሉን አራግፎ ዝናብ ይጠብቃል። ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በደቡብ ቆላዎች የተስፋፋውም በዚህ ጽናቱ ነው።

ደጋው ሲጣበብ ሰው ወደ ቆላ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ ዋዱ፣ ደገኞችን በአበላና በበሌ ቆላዎች አስፍሯል። ሰፋሪው ከእንሰት ጓሮው ወጥቶ የበቆሎ ገበሬ ሆነ። ዛሬም ኪንዶ ዲዳዬ ላይ ከሃላሌ ከተማ ወደ ኦሞ ሸለቆ ሲወረድ እንሰቱ እየሳሳ፣ በቆሎው እየበዛ ይሄዳል። ዝናብ ሲቀር የበቆሎውና የስኳር ድንቹ ጉዳት ወዲያው ማዕድ ላይ ይታያል። በ1992 ዓ.ም. ወላይታ የተራበችው ስኳር ድንቹ ጭምር ስለከዳት ነው።

በአባያ ሐይቅ በኩል ያለው የሁምቦ ተራራ ሌላ ነገር ያስተምራል። ደኑ ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ተመንጥሮ ተራራው ተራቁቶ ነበር። ከላይ የጠፋው ዛፍ ከታች ግን አልሞተም፤ የብዙ የቆላ ዛፎች ሥር ጠልቆ ስለሚወርድ ከተቆረጡ በኋላም ጉቶው ማቆጥቆጡን አይተውም። እ.ኤ.አ. ከ2006 ገደማ ጀምሮ የሁምቦ ሰዎች በወርልድ ቪዥን እገዛ በሰባት ማኅበራት ተደራጅተው 2,728 ሄክታር ከከብትና ከመጥረቢያ ከለሉ። ከየጉቶው ከሚፈሉት ቀንበጦች ጠንካሮቹን መርጠው አስቀሩ፣ ሌላውን ገረዙ። ዘዴው ቀደም ሲል በኒጀር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተስፋፋ ነው። ፕሮጀክቱ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 በተባበሩት መንግሥታት የካርቦን መዝገብ ሰፈረ፤ የዓለም ባንክም የካርቦን ክሬዲቱን ገዛ።

በየክረምቱ ለችግኝ ተከላ የሚወጡ ቀበሌዎችና የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከሁምቦ ይማሩ። ጉድጓድ ከመቆፈራቸው በፊት በኮረብታው ላይ ሕይወት ያለው ጉቶ ይፈልጉ፤ ካገኙም ከልለው ይጠብቁት። ችግኝ የሚተከለው ጉቶ በጠፋበት ቦታ ይሁን።