ሻንጣቸውን ሳይፈቱ

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ዩኒቨርሲቲ ሲሰደድ ምን እንደሚመስል ላጫውታችሁ።

ቦታው አሜሪካ፣ ሉዊዚያና፣ ኒው ኦርሊንስ ከተማ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 2005፣ ዕለቱ ቅዳሜ። ቱሌን ዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢ ተማሪዎቹን እየተቀበለ ነው። ወላጆች አንሶላና ብርድ ልብስ ተሸክመው ወደ ማደሪያው ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ፕሬዝዳንቱ ስኮት ካወን ግን እንኳን ደህና መጣችሁ ባሉበት አፋቸው፣ ቶሎ ከከተማ ውጡ አሉ። ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ እየመጣ ነበራ! መሄጃ የሌላቸው ተማሪዎች በአውቶቡስ ተጭነው ወደ ሚሲሲፒ፣ ጃክሰን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተወሰዱ። ነገሩ የጥቂት ቀን ጉዳይ ነበር የመሰላቸው።

ሰኞ ጠዋት ነፋሱ ደረሰ። የባሰው ግን ውሃው ነው። ከተማዋን የሚጠብቋት ግድቦች ተደረመሱና 80 በመቶው ከተማ ተጥለቀለቀ። ካወን ከጥቂት ባልደረቦቻቸው ጋር ግቢው ውስጥ ቀርተው ነበር። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ምግቡም እያለቀ ሄደ። በመጨረሻ እንዴት የወጡ ይመስላችኋል? በጀልባ፣ ቀጥሎ በጎልፍ መኪና፣ ቀጥሎ በገልባጭ መኪና፣ ከዚያ በሄሊኮፕተር። የዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት፣ በገልባጭ!

ሂዩስተን ደርሰው ጊዜያዊ ቢሮ ከፈቱ። ታዲያ መጀመሪያ ካስጨነቋቸው ነገሮች አንዱ የሠራተኛው ደመወዝ ነበር። የደመወዙ መረጃ ያለበት የኮምፒውተር ቴፕ መሀል ከተማ፣ አንድ ሕንፃ 14ኛ ፎቅ ላይ ቀርቷል። ከተማው ተዘግቷል፣ ሊፍት የለም። የዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ሰዎች በፖሊስ ታጅበው ገቡና ቴፑን አወጡት። እኔ ከጀልባውም ከሄሊኮፕተሩም ይልቅ ይህን ነው የማደንቀው። ቤቱን ውሃ የወሰደበት መምህር ደመወዙ ከገባለት፣ ነገ ተመልሶ ያስተምራል።

ተማሪዎቹስ? የመጀመሪያው ሴሚስተር ትምህርት ተሰረዘ። በመላው አሜሪካ 600 ያህል ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የቱሌንን ልጆች ተቀበሉ። ብዙ ቦታ የውጤት ማስረጃ አምጡ ያላቸው አልነበረም፤ ማስረጃው ያለበት ሰርቨር ራሱ ጠፍቶ የለ! ብዙዎቹም ክፍያ አልጠየቁም። ደግሞ ልጆቹን የተቀበሏቸው በእንግድነት ነው እንጂ ሊያስቀሯቸው አይደለም። ጎበዝ ተማሪ መንጠቅ ለለመደ ዓለም ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የቱሌን ቤተ መጻሕፍት ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የምድር ቤቱ ከሁለት ሜትር በላይ ውሃ ተኝቶበት ነበር። የራሰ መጽሐፍ በዚያ ሙቀት በጥቂት ቀን ይሻግታል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚደረገው ማድረቅ ሳይሆን ማቀዝቀዝ ነው። በረዶ ከሆነ ሻጋታው ባለበት ይቆማል። ከዚያ አየር በተመጠጠበት ክፍል ውስጥ በረዶው ሳይቀልጥ ቀጥታ ወደ እንፋሎት ይለወጣል፣ ወረቀቱም ዳግም ሳይርስ ይደርቃል።

ቱሌን ሀብታም ነው። እስቲ ዲላርድን እንይ። የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ገና ድሮ የተመሠረተ፣ አቅሙ ግን ውስን። ተማሪዎቹን ወደ ሽሬቭፖርት ይዞ ሲሸሽ አንዱ አውቶቡስ መንገድ ላይ ተቃጠለ፤ ልጆቹ ተረፉ፣ ጓዛቸው ግን አመድ ሆነ። ግቢውን ውሃ ዋጠው፣ በዚያ ላይ ሦስት ማደሪያዎች ተቃጠሉ። ፕሬዝዳንቷ ማርቫሊን ሂውዝ ሥራ ከጀመሩ ገና ሁለት ወር ገደማ ነበር። ምን አደረጉ? በ2006 መጀመሪያ ትምህርቱን ሂልተን ሆቴል አስገቡት። ተማሪው ሆቴሉ ውስጥ ያድራል፣ ጠዋት ሊፍት ይዞ ወደ ስብሰባ አዳራሽ ይወርዳል፣ እዚያው ይማራል። ከተማሪዎቹ ግማሽ ያህሉ ተመለሱ። የጎረቤታቸው የዛቪየር ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ኖርማን ፍራንሲስም በጃንዋሪ እንከፍታለን ብለው ነበርና፣ ቃላቸውን ጠበቁ።

ቱሌንም ጃንዋሪ 17 ቀን 2006 በሩን ከፈተ። ከአሥር ተማሪ ዘጠኝ ያህሉ ተመልሶ መጣ። ጋዜጦቹ አጨበጨቡ፣ እኔም አጨበጭባለሁ። ነገር ግን ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በዲሴምበር፣ ዩኒቨርሲቲው የማገገሚያ እቅዱን ይፋ አድርጎ ነበር። 230 ያህል መምህራን ተሰናበቱ፤ አብዛኞቹ ከሕክምና ትምህርት ቤት ናቸው። የሲቪል፣ የመካኒካልና የኤሌክትሪካል ምህንድስና ትምህርቶች እንዲዘጉ ተወሰነ። የሴቶቹ ኒውኮምብ ኮሌጅ ከወንዶቹ ጋር ተቀላቀለ፤ በዚህ ሳቢያ የመሥራቿ ዘመዶች ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ነበር።

ግድብ በተደረመሰበት ከተማ የሲቪል ምህንድስናን መዝጋት! ገንዘቡ አልበቃም ይሆናል፣ አልፈርድም። ቱሌን ዳነ የሚላችሁ ሰው ካጋጠማችሁ ግን አዎ በሉት፤ ቀጥላችሁም እነዚያ 230 መምህራን የት ደረሱ ብላችሁ ጠይቁልኝ።