ኮፈኑ ሳይሞቅ

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ላውጋችሁ። ነገሩ የሆነው በሰሜን ጣልያን ነው፤ ጊዜው ኅዳር፣ ጭጋጉ ከፖ ወንዝ ሜዳ ተነሥቶ ቤቱንም መንገዱንም የሚውጥበት ሰሞን። ሚላኖ የሚኖር አንድ ወጣት ከልጅነቱ ጀምሮ አንዲት መኪና በልቡ ይዞ ኖሮ፣ ሲያጠራቅም ሲያጠራቅም ገንዘቡ ሞላለትና፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ አልፋ ሮሜዮ ሲፈቱና ሲገጥሙ ወደ ኖሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄደ። «ያገለገለ ስፓይደር ልገዛ ነውና አብረውኝ ይምጡልኝ» አላቸው። ሽማግሌውም እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ጥቂት ዝም አሉና፣ «እሺ ልጄ፤ ግን ለሻጩ ደውልና እኛ ሳንደርስ ሞተሩን እንዳያስነሣ ንገረው» አሉት።

ስለ መኪናዋ ጥቂት ልንገራችሁ። አልፋ ሮሜዮ ስፓይደር ለዓለም የታየችው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1966 በጄኔቫ የመኪና ትርዒት ላይ ነው። የቀረጻት የፒኒንፋሪና ቤት ሲሆን፣ የቤቱ መሥራች ባቲስታ ፒኒንፋሪና ከትርዒቱ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ፤ እጃቸው ካረፈባቸው ሥራዎች የመጨረሻዋ እሷ ናት ይባላል። በዓመቱ ደግሞ ደስቲን ሆፍማን «ዘ ግራጁዌት» በተባለው ፊልም ላይ ነዳትና ባሕር ማዶ ሁሉ ታወቀች። ጅራቷ በመጀመሪያ ክብ ነበር፤ ወደ 1970 ግድም ተቆረጠ። መሠራቷ እስከ 1990ዎቹ ስለ ቀጠለ ዛሬም ፈልጎ የሚያጣት የለም፤ ጭንቁ ደኅናዋን ማግኘት ነው።

መጀመሪያ የሄዱት እዚያው ሚላኖ ዳር ወዳለ አንድ መኪና ነጋዴ ነው። መኪናዋ ቀይ ናት፤ ቀለሟ ገና አዲስ የተቀባ በመሆኑ ፊት ያሳያል። ወጣቱ ልቡ ቀጥ አለ። ሽማግሌው ግን ምንም ሳይናገሩ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ፤ ሞቋል። «ለጥቂት ደቂቃ ነው ያስነሣሁት» አለ ነጋዴው። ወዳጆቼ፣ የሞቀ ሞተር ብዙ ነገር ይደብቃል፤ ሌሊቱን የቀዘቀዘ ሞተር ሲነሣ ግን ጭሱም፣ ኳኳታውም፣ አልነሣ ባይነቱም አደባባይ ይወጣል።

ከዚያም ሽማግሌው በጨርቅ የጠቀለሉትን ትንሽ ማግኔት ከኪሳቸው አውጥተው ከኋላ ጎማው ጀርባ ካለው ላሜራ ላይ አስጠጉት፤ ማግኔቱ አልያዘም፤ ተንሸራቶ ወደቀ። ከቀለሙ ስር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነበር። ከዚያም «ክሪክ ይኖርሃል?» አሉ፤ መጣ። ከበሩ ስር ባለው የክሪክ ማሳረፊያ ላይ አስገብተው ቀስ፣ ቀስ እያሉ አነሡና በሩን ከፍተው ሊዘጉት ቢሞክሩ በሩ አልገባ አለ፤ ቁልፉ ከመያዣው በላይ ሆኖ ቀረ።

ይህን ልብ በሉልኝ። ጣሪያዋ ሸራ የሆነች መኪና ወገቧን የሚይዝላት ከበሮቿ ስር በግራና በቀኝ የሚሄደው የላሜራ ሳጥን ነው። በስፓይደር ላይ ይህ ሳጥን ሦስት ድርብ ሆኖ የተበየደ ነው፤ ውኃ ገብቶ መውጫው ቀዳዳ በጭቃ ሲደፈን ዝገቱ ከውስጥ ይጀምርና፣ የውጩ አምሮ ሳለ የመካከለኛው ድርብ ያልቃል። ያኔ መኪናዋ መሐሏ ላይ ትጎብጣለች፤ በሩም ይመሰክራል። ሽማግሌው መኪናዋን አውርደው ነጋዴውን አመስግነው ወጡ፤ ወጣቱም ዞሮ ዞሮ እያየ ተከተላቸው።

በነጋታው በባቡር ወደ ቬርቼሊ ሄዱ። በኖቫራ በኩል ሲያልፉ የሩዝ ማሳው ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ጭጋጉ ላዩ ላይ ተኝቷል። ወጣቱ መስኮቱን በእጅጌው እየጠረገ «ለመሆኑ ፌራሪ ቢሆንስ ያሰብኩት?» አለ። ሽማግሌውም እንዲህ ሲሉ መለሱለት፦ «በ1990ዎቹ የተሠራውን ኤፍ 355 ብትገዛ ቺንጋውን ለመቀየር ሞተሩ እንዳለ ከመኪናው መውረድ አለበት፤ ቺንጋው ቢበጠስ ደግሞ ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ስለዚህ ፌራሪ የሚገዛ ሰው ከመኪናው በፊት የጥገና ደረሰኙን ያንብብ፤ ትንሽ ተነድታ ብዙ ዓመት የቆመች ብትሆንም ቺንጋው በዕድሜ ብቻ ያረጃል። ያንተዋ ግን ባለ ካቴና ናት፤ በዚህ በኩል ተኛ።»

ከጣቢያው አንድ መንደር ድረስ ሄደው ባሏ የሞተባት አንዲት አሮጊት ግቢ ደረሱ። መኪናዋ ጎተራ ውስጥ ናት፤ የ1974 ሞዴል፣ ቀለሟ የደበዘዘ፣ ጣሊያኖች እስከ 1985 ሲሰጡት የነበረውን ጥቁር ታርጋ እንደ ለበሰች። ሽማግሌው ኮፈኑን ዳሰሱ፤ በረዶ ነው። ምንጣፉን ገለጡ፣ የሾፌሩን ወለል በካቻቪቴ እጀታ ኳኳ አደረጉ፤ ድምፁ ጠንካራ ነበር። የስኮርታውን ጉድጓድ በባትሪ አዩ፤ ላዩን ብቻ የዛገ። ማግኔቱ በየቦታው ያዘ። ከዚያም በክሪክ አነሧትና በሩን በአንድ ጣት ገፉት፤ ዘጋ። ሌላውንም እንዲሁ፤ ዘጋ።

የሞተሩ ነገር ግን ሌላ ነበር። የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ጣታቸውን ቢነክሩ ዘይት ይዞ ወጣ። የዘይቱ ክዳን ስር ነጭ አረፋ መኖሩ በክረምት ከእርጥበትም ሊመጣ ይችላል፤ ዘይት ውኃው ውስጥ ሲገኝ ግን የቴስታታው ጓርኒሲዮን ነው። ባትሪ አስረው ቢያስነሡት ሰማያዊ ጭስ ጎተራውን ሞላው፤ ነዳጅ በረገጡ ቁጥርም ባሰ፤ ያ የፒስተን ፋሻ ነው። በግቢው ዞር ዞር ሲያደርጓት ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲመለሱ ካምቢዮው ተፋጨ፤ ይህ የስፓይደሮች ሁሉ የታወቀ ድካም ነው።

አሮጊቷም በሩ ላይ ሻሿን አጥብቃ ቆማ፣ «አንድ ነጋዴ መጥቶ ሞተሯ ስላለቀ የምታወጣው የቁራጭ ብረት ዋጋ ነው ብሎኛል፤ በዚያው ውሰዷት» አለች። ወጣቱ ሽማግሌውን አየ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እመቤቴ፣ ሞተር ይታደሳል፤ ፋሻውም ጓርኒሲዮኑም ገበያ ላይ አለ። እንዲህ ያለ አካል ግን አሁን ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። በዚያ ዋጋ ለማንም አይስጡ» አሏት። ወጣቱ ገንዘቡ ምን ያህል እንደሚያንሰው እያሰበ ቆየ፤ ከዚያም ነጋዴው ካለው በላይ፣ ለሞተሩ እድሳት የሚሆነውን ብቻ አስቀርቶ ያለውን ሁሉ ነገራት። እኛስ በእሱ ቦታ ብንሆን ከዚህ ሌላ በየትኛው ዓይናችን እናያት ነበር?

ተስማሙ፤ ግን እየነዱ አልተመለሱም። ሽማግሌው የጎማውን ጎን አጎንብሰው አራቱን ቁጥሮች አነበቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ፤ ጥርሱ ሙሉ ሳለ ጎማው አርጅቶ ነበር። የፍሬን ጎማ ቱቦ ደግሞ ብዙ በቆመ ቁጥር ከውስጥ ያብጥና ፍሬኑን ይዞ ይቀራል። ስለዚህ በጭነት መኪና አመጧት፤ የሻንሲ ቁጥሯንም ጽፈው፣ በስንት ዓመተ ምሕረት በምን ቀለም ከፋብሪካ እንደ ወጣች የሚገልጽ የምስክር ወረቀት እንዲሰጣቸው ወደ አሬዜ፣ ወደ አልፋ ሮሜዮ የሰነድ ማዕከል ላኩ።

ሰኞ ጠዋት ቴስታታው ወረደ። የዘይት መተላለፊያዎቹን የሚዘጉት ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች ደርቀው በጥፍር ሲነኩ ተፈረፈሩ። ወጣቱ ቀለም ቀቢ ለመጥራት ቸኩሎ ስልኩን ሲያወጣ ሽማግሌው ከቴስታታው ላይ ቀና ሳይሉ፣ «ቀለሙ ይቆይህ፤ መጀመሪያ የእነዚያን ሳጥኖች የውኃ መውጫ ቀዳዳ በሽቦ ጥረግ» አሉትና ሽቦውን አቀበሉት።