ቃል ብቻ ነውን ባለቤት ያለው? የመንዝ ባና፣ የወረቀት እጥፋትና የቅጂ መብት

ፕሮፌሰር ዶናልድ ሌቪን ከመንዝ ገበሬ ጋር ኖረው ያዘጋጁት፣ በ1965 እ.ኤ.አ. የታተመው «ሰምና ወርቅ» ስለ አካባቢው ለሚጽፍ ሁሉ መነሻ ሆኖ ቆይቷል። ስለ ርስትና ስለ ቤተሰብ ያሉትን እዚህ አላነሳም። የማልቀበለው ቅኔን የአማራ ባህል መክፈቻ ቁልፍ ማድረጋቸውን ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ ፈጣሪው ባለቅኔው ይሆናል፤ ሸማኔው ግን ብርድ ተከላካይ ብቻ ሆኖ ይቀራል። የቅጂ መብት ክርክራችንም በዚሁ መንገድ ሄዶ ዘፈንና መጽሐፍ ላይ ቆመ፤ የእጅን ሥራ ዘነጋ።

መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ ገበያ የወጣን ባና፣ ያን ከበግ ጸጉር የሚሸመን ልብስ፣ ቀረብ ብሎ ላየው ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ የበግ ጸጉር የሚፈራረቀው በዘፈቀደ አይደለም። የቱ ሰፍቶ፣ የቱ ጠቦ እንደሚገባ የወሰነ ሰው አለ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አንቀጽ 6 ደግሞ የሥራው ጥራትም ሆነ የተሠራበት ዓላማ ጥበቃን አይከለክልም ይላል፤ ሥራው ወጥ ከሆነና ከተቀረጸ ይበቃል። ምዝገባም አይጠይቅም። ጸሐፍት ይህን ድንጋጌ በጥሞና ቢያነቡት ኖሮ ባናው ለመልበስ ስለተሠራ ብቻ ከጥበብ ሥራ ተራ ባልወጣ ነበር። ከአባት የወረደው ንድፍ የማንም የግል ሀብት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የምናገረው ዛሬ ስለተፈጠረው ነው።

ባለቤትነት ግን ግዴታም አለው፤ ይህ ጎልቶ የሚወጣው በጃፓኖቹ ኦሪጋሚ፣ በወረቀት እጥፋት ነው። አንድ ወጣት ከደብተር ላይ ቀዶ አራት ማዕዘን ያደረገውን ወረቀት አጥፎ ቀጭኔ ቢያወጣ ማንም አይጠይቀውም፤ ቀጭኔ የማንም አይደለችም። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው የልጆች ዝግጅት የምናውቃትን፣ የዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን የጨርቅ ቀጭኔ የፀሐይን መልክና ስም ይዞ ቢያወጣና ቢሸጥ ግን አንቀጽ 7 ለመብት ባለቤቱ የሰጠውን የመለወጥና የማሰራጨት መብት ነክቷል። ለራሱ አንዲት ብቻ ቢያጥፍ አንቀጽ 9 ለግል ጥቅም የሚደረግን ቅጂ ስለሚፈቅድ መከራከሪያ አለው። «ጨርቁ ወረቀት ሆነ፤ ስለዚህ አዲስ ሥራ ነው» የሚለው ሙግት አያስኬድም፤ ሕጉ ወደ ሌላ መልክ መለወጥንም በፈቃድ ሥር አድርጎታልና።

የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ የሆነውን ጉዱ ካሣን ማጠፍ ግን ለመዳኘት ይከብዳል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ታተመ፤ ደራሲው ያረፉት በ1996 ስለሆነ የሃምሳ ዓመቱ ጥበቃ እስከ 2046 ይዘልቃል። ሆኖም መጽሐፉ ሰውየውን የሰጠን በቃል እንጂ በሥዕል አይደለም። አጣፊው ፊቱን ከራሱ ልብ ያወጣል፤ ስሙን ባይለጥፍበት ኖሮ ማንም ጉዱ ካሣ ነው አይልም ነበር። በእኔ ንባብ፣ የፍርድ ቤት ቃል ባይሆንም፣ የዚህ እጥፋት ፈጣሪ አጣፊው ነው።

አጣፊ መብት የለውም የሚሉም አሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. ግን ሮበርት ላንግና ሌሎች የኦሪጋሚ ጠበብት የእጥፋት መስመር ንድፋችንን ያለ ፈቃድ ሥዕል አደረገችው ብለው ሠዓሊዋን ሳራ ሞሪስን አሜሪካ ውስጥ ከሰሱ፤ ጉዳዩ በ2013 እ.ኤ.አ. በስምምነት አለቀ። የማጠፍ ዘዴው የማንም ባይሆንም በወረቀት ላይ የሰፈረው ንድፍ ባለቤት አለው። እንግዲህ በፈቃድ የታጠፈችውን ፀሐይ ንድፍ አባዝቶ መሸጥ የሚሻ ሦስተኛ ሰው ፈቃድ የሚጠይቀው ከሁለት ወገን ነው፦ ከዝግጅቱ ባለቤትና ከአጣፊው።