የጉራጌ ገበሬዎች የኅብረት ሥራ አመሠራረት

በወልቂጤና በቡታጅራ አገር የገበሬው የኅብረት ሥራ ታሪክ ከአዋጅ የሚቀድም ነው። ደቦ፣ ዕቁብና ዕድር ሕዝቡን አስቀድመው አስተምረውታል። በ1954 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ የሚኖሩ ተወላጆች የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ ከባላገር ዘመዶቻቸው ጋራ ገንዘብ እያዋጡ፣ በአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት እርዳታ ገበሬውን ከገበያ አገናኙት።

በ1970 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 138 ወጥቶ መንግሥት ገበሬውን መሬቱንና በሬውን አጣምሮ በአምራች ማኅበር ሊያደራጀው ጣረ። እንሰት ግን በየቤቱ ጓሮ ለዓመታት የሚኮተኮት ተክል ነውና ለእንዲህ ያለው ጥምረት የሚመች አልነበረም። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ በመላ አገሪቱ አብዛኞቹ አምራች ማኅበራት ፈረሱ። በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 አባልነትን በፈቃድ አደረገ። እንግዲህ በፈቃድ የተዋጣበት መንገድ ሲቀር፣ በትእዛዝ የተጣመረው መሬት ወደየቤተ ሰቡ መመለሱ ልብ ሊባል ይገባል።